የጡት ካንሰር ከታከመ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለምን ያገረሻል? ለአካባቢያችንስ ምን ማለት ነው?

በአውስትራሊያ ያደገችው ድምጻዊትና ተዋናይት ኦሊቪያ ኒውተን ጆን የጡት ካንሰር እንደያዛት የተነገራት በ1992 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ኬሞቴራፒም ወሰደች። ከዚያ ወደ መድረክ ተመለሰች፤ በሜልበርን ከተማ በስሟ የሚጠራ የካንሰር ማዕከል እስከ መከፈት ደርሶ ለሌሎች ታማሚዎች የተስፋ ምልክት ሆና ቆየች። በ2013፣ ማለትም ከ21 ዓመታት በኋላ፣ ካንሰሩ ትከሻዋ አካባቢ ተመልሶ ተገኘ። በ2017 ደግሞ መጀመሪያ ላይ ተራ የነርቭ ሕመም የመሰላት የጀርባ ሕመም የሙዚቃ ጉዞዋን አቋረጠባት። ስትመረመር ካንሰሩ ከአከርካሪዋ ግርጌ ባለው አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር። በነሐሴ 2022 በ73 ዓመቷ አረፈች።

ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ ከሃያ ዓመታት በኋላ አጥንት ውስጥ የተገኘው አዲስ የአጥንት ካንሰር አይደለም። ያው የጡት ካንሰር ነው። ሐኪሞች ይህን ዘግይቶ የሚከሰት ሥርጭት ይሉታል። ገና በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ተደርሶበት፣ በሚገባ ታክሞ፣ ታማሚዋም ቤተሰቧም አልፏል ብለው ካሰቡ በኋላ በአጥንት፣ በሳንባ፣ በጉበት ወይም በአንጎል ብቅ የሚል ሕመም ነው። በካንሰር ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በታማሚዎች ዘንድ ግን የሚገባውን ያህል አይታወቅም።

ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢና ካምፓላ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ሮዝ ሪባን እየተደረገ የሚተላለፈው መልእክት አጭር ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል የሚል። መልእክቱ ትክክል ነው። ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና የሚመጡት ዕጢው ገፍቶ ከሄደ በኋላ በሆነበት አካባቢ ከዚህ የሚቀድም መልእክት ማግኘትም ይከብዳል። ሆኖም የሚናገረው ስለ መንገዱ መጀመሪያ ብቻ ነው። ቶሎ ተደርሶባት የታከመችው ሴት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አምስተኛው ዓመት ምን መጠበቅ እንዳለባት አይነግራትም። እንዲያውም የአምስት ዓመት ወሰን የሚባል ነገር በሕዝቡም በአንዳንድ የጤና ባለሙያዎችም አእምሮ ውስጥ ተተክሏል፤ አምስት ዓመት ካለፈ አበቃ ይባላል። ይህ ወሰን የመጣው ከስታትስቲክስ ልማድ ነው። የካንሰር መዝገቦች በሕይወት የመቆየትን ዕድል በአምስት ዓመት ስለሚለኩ ቁጥሩ የመዳን ምስክር ወረቀት መሰለ።

ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ይህ ወሰን ያን ያህል ከእውነት የራቀ አይደለም። ሦስቱ የተለመዱ ተቀባዮች የሌሉት፣ ሐኪሞች ‘ትሪፕል ኔጋቲቭ’ የሚሉት ካንሰር የሚያገረሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ያገረሻል፤ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን እየተመገበ የሚያድገው፣ ማለትም ለሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ የዋህ ይመስላል፤ ለሕክምና ይታዘዛል። አደጋው ግን ከአምስተኛው ዓመት በኋላም ሳይቋረጥ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ይቀጥላል።

ይህንን በግልጽ ያሳየው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን በ2017 ያወጣው ጥናት ነው። ቡድኑ ከ88 የሕክምና ሙከራዎች የተውጣጡ 62,923 ሴቶችን መረጃ መረመረ። ሁሉም ለሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ይዟቸው የነበሩ፣ ለአምስት ዓመታት ሆርሞንን የሚከላከል ክኒን የታዘዘላቸው፣ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻም ምንም ምልክት ያልታየባቸው ነበሩ። ከአምስተኛው እስከ ሃያኛው ዓመት ባለው ጊዜ ካንሰሩ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል የመሠራጨት አደጋው፣ ዕጢያቸው ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና በብብት ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች ያልደረሰባቸው ሴቶች ላይ 13 በመቶ ነበር። ከአንድ እስከ ሦስት ንፍፊቶች ከተነኩ 20 በመቶ፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ ከተነኩ ደግሞ 34 በመቶ ሆነ። ዕጢው ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ከአራት እስከ ዘጠኝ ንፍፊቶች ከተነኩ 41 በመቶ ደረሰ።

ከሃያ ዓመት በላይስ? የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት አሥር ዓመት ያለምንም ምልክት የኖሩ 20,315 ሴቶችን ተከታትለው በ2,595ቱ ላይ ካንሰሩ እንደተመለሰ አገኙ። አንዳንዶቹ ላይ የተመለሰው ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ነው።

እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በዜና ርዕስ ላይ ሲወጡ ያስፈራሉ፤ ስለዚህ አነባበባቸው ጥንቃቄ ይፈልጋል። 13 በመቶ ማለት ከመቶ ሴቶች ሰማንያ ሰባቱ በእነዚያ አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ሥርጭት አላጋጠማቸውም ማለት ነው። በተጨማሪ ሃያ ዓመት የተከታተለ ጥናት የግድ ከሃያ ዓመት በፊት ስለነበረው ሕክምና ይናገራል፤ ሕክምናው ደግሞ ተሻሽሏል። በእንግሊዝ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለና በ2023 የታተመ ጥናት በ1990ዎቹ በመጀመሪያ ደረጃ የተገኘ የጡት ካንሰር በአምስት ዓመት ውስጥ የመግደል ዕድሉ 14 በመቶ ገደማ እንደነበረ፣ ከ2010 እስከ 2015 ለተገኘባቸው ግን ወደ 5 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ የምትታከም ሴት የራሷን ዕጣ በቀጥታ ከድሮ ሠንጠረዥ ማንበብ የለባትም። የማይለወጠው የአደጋው ቅርጽ ነው። አደጋው ረጅምና ዝግተኛ ነው፤ የሚቆምበት የታወቀ ቀንም የለውም።

እነዚያ ሴሎች በመካከሉ የት ከረሙ? ዕጢው በእጅ ከመዳሰሱ በፊትም እንኳ ጥቂት ሴሎች በደም ተጉዘው በአጥንት መቅኔና በሌሎች ቦታዎች ሊሸሸጉ ይችላሉ። እዚያ መራባት ያቆማሉ፤ ያንቀላፋሉ። ኬሞቴራፒ በዋናነት የሚያጠቃው በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን ስለሆነ ያንቀላፋው ያመልጠዋል። በብዙ ሴቶች ላይ እስከ ዕድሜ ልክ ተኝተው ይቀራሉ። በአንዳንዶቹ ላይ የሚነቁት ለምን እንደሆነ ሳይንስ ገና እየፈለገ ነው። ታማሚዎች አዘውትረው ራሳቸውን የሚወቅሱበት ነገር ግን፣ በልቼው ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የሚሉት፣ ለዚህ መልስ አይሆንም።

እዚህ ላይ ለምሥራቅ አፍሪካና ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢ የተለየ ትርጉም ያለው ጉዳይ ይነሳል። ለረጅም ጊዜ የአፍሪካውያን ሴቶች ካንሰር በአብዛኛው ለሆርሞን ተቀባይ የሌለው፣ ፈጣንና ጨካኝ ዓይነት ነው ሲባል ቆይቷል። በምዕራብ አፍሪካ የተደረጉ ጥናቶችም ለዚህ ግምት ምክንያት ነበራቸው። በኢትዮጵያ በተደረጉ ምርመራዎች ግን ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ዕጢዎች ለሆርሞን ተቀባይ እንዳላቸው ታይቷል። ይህ ሁለት ገጽ ያለው ዜና ነው። አንደኛው፣ ርካሽ በሆነ ክኒን ሊታከም የሚችል ካንሰር በአካባቢው በብዛት አለ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚነሳው ረጅም አደጋ የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ዕድሜም አለ። ከ2005 እስከ 2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጨረር ሕክምና ማዕከል የታከሙ፣ ሲጀምሩ ሥርጭት ያልነበራቸው 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 እንደነበረ ይገልጻል። በ43 ዓመቷ የታከመች ሴት ሃያኛ ዓመቷን የምትደፍነው በ63 ዓመቷ ነው። ልጅ የምታሳድግበት፣ የምትሠራበት፣ ቤተሰብ የምታስተዳድርበት ዘመን በሙሉ በአደጋው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል።

ያው ጥናት ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ነገርም ይዟል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥርጭት ያልታየባቸው 74 በመቶ ናቸው ይላል። ተመራማሪዎቹ ግን ከክትትል የጠፉት ሴቶች ላይ ካንሰሩ ተመልሶ ቢሆንስ ብለው በከፋው ግምት ሲያሰሉት ቁጥሩ ወደ 46 በመቶ ወረደ። በ74 እና በ46 መካከል ያለው ገደል የሕክምና ልዩነት አይደለም። ወደ ቀጠሮ ያልተመለሱ ሴቶች ናቸው፤ ምን እንደሆኑ ማንም አያውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሰው ከዓይን ከተሰወረ በአሥራ አምስተኛው ዓመት የሚነሳውን ሕመም ማን ይመዘግበዋል? በአካባቢያችን ዘግይቶ የሚከሰት ሥርጭት ብርቅ የሚመስለው አንዱ ምክንያት ስለማይቆጠር ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ይፋ ያደረገው የጡት ካንሰር ማዕቀፍ ሦስት ግቦች አሉት። ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ እንዲገኙ፣ ምርመራው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ቢያንስ 80 በመቶው ደግሞ የታዘዘላቸውን ሕክምና እንዲጨርሱ ይጠይቃል። ግቦቹ የሚደገፉ ናቸው። ግን ለሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር የያዛት ሴት ሕክምናዋን ጨረሰች የሚባለው መቼ ነው? የመጨረሻውን ኬሞቴራፒ ወስዳ፣ ጨረሩን አጠናቃ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዘመዶቿ እልል ይላሉ። የእርሷ ዋነኛ መድኃኒት ግን ገና መጀመሩ ነው። የመጀመሪያው ግብ በተሳካ ቁጥር ደግሞ በረጅሙ የአደጋ ዘመን ውስጥ የሚኖሩ ሴቶች ቁጥር ይጨምራል፤ የጤና ሥርዓቱ ለዚህ ስኬት ውጤት ሲዘጋጅ ግን አይታይም።

ያ መድኃኒት በአብዛኛው ታሞክሲፌን ነው፤ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን። ለአምስት ዓመት የሚወሰድ ታሞክሲፌን በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ከጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስና ጥቅሙም ክኒኑ ከቆመ በኋላ ለዓመታት እንደሚዘልቅ ተረጋግጧል። በ36 አገሮች የተካሄደውና ውጤቱ በ2012 መጨረሻ የወጣው አትላስ የተሰኘ ጥናት ደግሞ አምስት ዓመት የወሰዱትን አሥር ዓመት ከወሰዱት ጋር አነጻጸረ። ከአምስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ዓመት ባለው ጊዜ በጡት ካንሰር የመሞት አደጋ በአምስት ዓመት ላቆሙት 15 በመቶ፣ ለቀጠሉት 12.2 በመቶ ሆነ። ዋጋም አለው፤ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር አደጋ ከ1.6 ወደ 3.1 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ደም የመርጋት አደጋም ይጨምራል። ስለዚህ አሥር ዓመት ለሁሉም አይታዘዝም። ንፍፊቷ የተነካባትና ያልተነካባት ሴት የሚያገኙት ጥቅም እኩል አይደለም፤ የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶችም ሌላ ዓይነት ክኒን ሊመረጥ ይችላል። በሀብታም አገሮች አደጋቸው ከፍተኛ ለሆነ ታማሚዎች ከ2021 ወዲህ አቤማሲክሊብ፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ራይቦሲክሊብ የተባሉ መድኃኒቶች ተጨምረዋል። ዋጋቸው ከአብዛኛው የአካባቢያችን ታማሚ አቅም በላይ ነው። አስቸጋሪው እውነት ግን ርካሹን ክኒንም ብዙዎች ሳይጨርሱ ማቆማቸው ነው።

የሚያቆሙበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከፋርማሲ መጥፋት፣ የትራንስፖርት ወጪ። ከሁሉም ይልቅ ግን ‘ደህና ነኝ እኮ፣ ለምን እውጣለሁ?’ የሚለው ነው። ልጅ የመውለድ ፍላጎትም አለ። በታሞክሲፌን ላይ ሆኖ ማርገዝ ለጽንሱ አደገኛ ነው፤ ትዳር ያለ ልጅ በማይታሰብበት ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ አንዲት የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት አሥር ዓመት ጠብቂ ስትባል ክኒኑን በድብቅ ብትተው አይገርምም። ለእርሷ የሚሆን መልስ በ2023 ተገኝቷል። ፖዚቲቭ በተሰኘ ጥናት የተካተቱ 516 ሴቶች፣ ዕድሜያቸው ከ42 ያልበለጠ፣ ክኒኑን ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ከወሰዱ በኋላ ለመውለድ ሲሉ እስከ ሁለት ዓመት አቋረጡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው 8.9 በመቶ ነበሩ፤ ካላቋረጡ ተመሳሳይ ሴቶች 9.2 በመቶ ጋር ሲተያይ ልዩነት የለውም። ሦስት ዓመት ግን ለዚህ ዓይነቱ ካንሰር አጭር ነው፤ ክትትሉ የቀጠለውም ለዚህ ነው። ቁም ነገሩ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማቋረጥና መመለስ አለ፤ ተደብቆ መተው ሌላ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ በስምንት ሆስፒታሎች የተደረገና በ2022 የታተመ ሙከራ ደግሞ መፍትሔው ምን ያህል ቀላል ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በከፊሎቹ ሆስፒታሎች ስለ ጡት ካንሰር የሠለጠኑ ነርሶች ታማሚዎችን እንዲያማክሩና እንዲከታተሉ ተመደቡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ነርስ በነበረባቸው ሆስፒታሎች ከአሥር ታማሚዎች ሰባቱ ክኒናቸውን በአግባቡ ይወስዱ ነበር፤ በሌሎቹ ግን ከግማሽ በታች ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን የኡጋንዳ ብቸኛ የጨረር ማሽን በ2016 ሲበላሽ ዓለም ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ ክኒኗን ያቆመች ሴት ግን ለማንም ዜና አትሆንም፤ ‘ለምን ቀረሽ?’ ብላ የምትደውል አንዲት ነርስ ካልኖረች በቀር።

ጦርነት ሲጨመርበት ደግሞ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። የሱዳን ዋና ዋና የካንሰር ሕክምና ማዕከላት በካርቱምና በዋድ መደኒ ነበሩ። በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱሙን ሲዘጋው ታማሚዎች ወደ ዋድ መደኒ ጎረፉ፤ በታኅሣሥ ወር እርሷም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች። ከእነዚያ ታማሚዎች መካከል ድንበር ተሻግረው የተበተኑ አሉ። በአዲሱ አገር የሚያገኛቸው ሐኪም ዕጢያቸው ምን ዓይነት እንደነበረ የሚያውቀው ወረቀታቸውን ይዘው ከመጡ ብቻ ነው።

ካንሰሩ ቢመለስ ራሱን የሚገልጠው እንዴት ነው? አጥንት ዋነኛው ማረፊያው ነው። ለሳምንታት የማይለቅ፣ በዕረፍት የማይሻል፣ ሌሊት የሚብስ የጀርባ፣ የዳሌ ወይም የጎን ሕመም ሊጠረጠር ይገባል። የማያቋርጥ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት፣ አዲስና እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትም እንዲሁ። እግር ድንገት ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ እነዚህ ምልክቶች ሌላ ስም ለማግኘት ይፈጥናሉ። ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጀርባ ሕመሙ የአከርካሪ ነቀርሳ ወይም የዕድሜ ጉዳይ ይባላል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸትም አለ፤ ካንሰር ያሳሳውን አጥንት ማሸት ደግሞ ሊሰብረው ይችላል። ሐኪሙም ቢሆን ከአሥር ዓመት በፊት ስለነበረው ዕጢ ካልተነገረው አይጠረጥርም። ሕመሙን ከአማት፣ ከአሠሪና ከጎረቤት ደብቃ የኖረች ሴት ደግሞ ለአዲስ ሐኪም ቶሎ አትናገርም።

ታዲያ ምልክት ሳይኖር በየዓመቱ መላ ሰውነትን በሲቲ ስካን ማስፈተሽ አይሻልም? ብዙዎች የሚሻል ይመስላቸዋል፤ በየከተማው ‘ሙሉ ምርመራ’ የሚሸጡ የግል ማዕከላትም ይህን እምነት አይጠሉትም። በ1994 የታተሙ ሁለት የጣሊያን ጥናቶች ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በተደጋጋሚ በአጥንት ስካንና በራጅ መፈተሽ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳይተዋል። ዋና ዋና መመሪያዎች እስካሁንም የሚመክሩት በየጊዜው በሐኪም መታየትን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ማሞግራፊን፣ ምልክት ሲኖር ደግሞ ሳይዘገዩ መመርመርን ነው። በደም ውስጥ የካንሰር ዘረመል ቁራጮችን የሚፈልጉ አዳዲስ ምርመራዎች እየተሞከሩ ነው፤ ሕይወት ማራዘማቸው ግን ገና አልተረጋገጠም። ለስካን የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ወራት ታሞክሲፌን ይበቃል።

ሥርጭት ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይድንም፤ ይታከማል ግን። በተለይ ለሆርሞን ተቀባይ ያለውና በአጥንት የተወሰነው ዓይነት ለዓመታት ሊገታ ይችላል፤ ኒውተን ጆን ካንሰሩ ከተመለሰ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። የሚቻል ከሆነ ከአዲሱ ቦታ ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል፤ ካንሰሩ በቆየባቸው ዓመታት ጠባዩን ሊለውጥ፣ ተቀባዩን ሊያጣ ይችላልና።

ለዚያ ምርመራ መነሻ የሚሆነው የመጀመሪያው የፓቶሎጂ ውጤት ነው። የዕጢው መጠን፣ ከብብት ስንት ንፍፊት እንደወጣና ስንቱ እንደተነካ፣ ለኢስትሮጅንና ለፕሮጄስትሮን ተቀባይ እንዳለው፣ የሄርቱ ውጤት፣ የተሰጠው ኬሞቴራፒና ጨረር፣ ክኒኑ የተጀመረበትና የቆመበት ቀን በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ። አብዛኛው ሆስፒታል ይህን በካርድ ክፍል ያስቀምጠዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ካርዱ መገኘቱን ግን ማንም አያረጋግጥም። ታማሚዋ ከሆስፒታል ስትሰናበት ቅጂውን መጠየቅ፣ በስልኳም ፎቶ አንስታ ለአንድ የምታምነው የቤተሰብ አባል መላክ ትችላለች።